የወፈረው ልባጥ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የእኔ ንዴት ብቻ አልበረደም።

መሥሪያ ቤታችን የብረት መሰርሰሪያዎችን ናይትራይድ በሚባል ጠንካራ ውህድ ይለብጣል። ልባጡ የሚጠነክረው ሁለት ዓይነት ናይትራይድ እየተፈራረቀ፣ እጅግ ስስ ሆኖ ሲደራረብ ነው። አለቃዬ ግን ሥራው እንዲፈጥንለት ንብርብሮቹን አወፈራቸው። "ጥንካሬው ይቀንሳል" ስለው፣ "ወፍራም ነገር ደግሞ መቼ ደክሞ ያውቃል?" ብሎ ሳቀብኝ።

መሰርሰሪያዎቹ አባባ ወደሚሠሩበት ወርክሾፕ ሄዱ። አንዱ እሳቸው እጅ ላይ ቶሎ ዶልዱሞ ተሰበረና ስባሪው ፊታቸውን መታቸው። አለቃዬ ሲሰማ፣ "መነጽር አላደረጉም ነበር?" አለኝ። "መነጽሩንም ሰብሮታል" ብዬው ጋዎኔን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።

አባባ ደህና ነኝ ይላሉ። ትናንት ግን ሁልጊዜ ራሳቸው የሚያነቡትን ደብዳቤህን አገላብጠው አገላብጠው፣ "እስኪ አንቺ አንብቢልኝ" አሉኝ።

በል ሰላም ሁንልኝ። ለእሳቸው ከእንግዲህ አትጻፍ፤ ደውልላቸው፣ ድምፅህን ይስሙት።

እህትህ