ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጊታር

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ?

አመሌ መንገድ ላይም አልለቀቀኝም። እዚህ አንድ ጊታር መጠገኛ ሱቅ ገብቼ ይዤው የመጣሁትን ጊታር በሌላ ለወጥኩት። አዛውንቱ ጠጋኝ የእኔን ተቀብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቀሉት። «አንድ ሳምንት አልሸጠውም፤ ባለቤቱ ይመለሳል» አሉኝ። እኛ ጋ ቢሆን ደጁን ሳልሻገር ይሸጥ ነበር። «እኔ የምመለስ ሰው አይደለሁም» ብያቸው ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ሊከፍቱ ሲመጡ በራቸው ላይ ተገትሬ አገኙኝ። «ዘገየህ ልጄ፤ ብዙዎቹ በማግስቱ ነው የሚመጡት» አሉና አዲሱን ተቀብለው የእኔን አወረዱልኝ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ቡናማውን ጊታርህን በእኔ ጊታር ከለወጥክ አራት ዓመት ሆነህ፤ እስካሁን በየእሁዱ «ክሩን ልቃኘው» እያልክ ቤቴ ትመጣለህ። እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፍሃለሁ። በቃ፣ ያንተው ነው። ግድግዳዬ ላይ የቀሩትን ስድስቱን ግን የሚነካብኝ የለም።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው፤ እማማን አጥብቀህ ሳምልኝ። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፣ ይህ እንደደረሰህ ቤቴ ሄደህ ጊታርህን ውሰደው። እኔ እስክመጣ እንዳትጠብቅ፤ ካየሁት እጄ አይለቀውም።