ከጓሯችን ኩሬ የወጡ ዓሦች

ውድ አባዬ፣

ጀሪካንህን ተሸክመህ የጉደርን መንገድ ይዘህ ከወጣህ ስምንተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ የፊት በሩን ቀርቅራ አታውቅም ነበር። ሌባ ይገባል ስንላት፣ የፈለገ ይግባ፣ እሱ ሲመጣ ግን ደጅ ቆሞ አያንኳኳም ትለን ነበር።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽህም። ባሕር ዛፉ ጣሪያውን አልፏል። የታናሼ ድምፅ ጎርንኗል፤ ከኋላዬ ሲጠራኝ የምዞረው አንተ መስለኸኝ ነው። እኔ ደግሞ በባዮሎጂ ተመረቅሁ። እንዳትስቅ፣ ያጠናሁት ዓሣ ነው፤ ያንተኑ ዓሣ።

የወባ ሠራተኛ ሆነህ እነዚያን ጣት የማይሞሉ የትንኝ እጭ በሊታዎች ከኩሬ ኩሬ ስታዞር፣ የጉደር ገበያተኞች ኦቦ ዓሣ ይሉህ ነበር። ትልልቁን ለማን ሸጠህ ነው ትንሹን የምታድለን እያሉ ሲያሾፉብህ አብረሃቸው ትስቃለህ። ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸውን ጥቂቶች ግን ለይተህ ለእኔ የጓሯችን ኩሬ ውስጥ ጨመርክልኝ። ፍርፋሪ ልትሰጣቸው ስትል ጀሪካኑን በጥፍርህ ቀስ አድርገህ ታንኳኳለህ፤ ሁሉም ብቅ ይላሉ። ከእነሱ ለማንም ሰጥተህ አታውቅም። በወጣህባት ጠዋት ብቻ፣ የመሥሪያ ቤቱ ገንዳ ውስጥ የነበሩት ስላለቁ፣ እኔን አስፈቅደህ ቀዳህ።

ወንዙ በዚያ ቀን ሞላ። አንተም ጀሪካኑም አልተገኛችሁም። ቀበሌዎች እማዬን ጠርተው ባልሽ የት ሸፈተ አሏት። ጎረቤት ደግሞ ሱዳን ገብቷል እያለ ያንሾካሹካል። ቄሱ ፍትሐት እናድርግለት ቢሏት፣ ሬሳውን ሳላይ ምን ብዬ አለቅሳለሁ ብላ እምቢ አለች።

ለመመረቂያ ጥናቴ ከአዲስ ዓለም እስከ ጉደር ኩሬ ለኩሬ ዞርኩ። እነዚህ ዓሦች እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ። አንዲት እርጉዝ ብቻዋን ኩሬ ትሞላለች፤ የእሷ ምልክት ከዘሯ አይጠፋም። ሥጋቸውን ፈጭቼ እንደ ሙቅ በረጋ ስታርች ላይ በኤሌክትሪክ ሳስኬደው መስመር ያወጣል፤ መስመሩ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይናገራል። የጊንጪዎቹ ከአዲስ ዓለሞቹ ተወልደዋል፣ የአምቦዎቹ ከጊንጪዎቹ። ዝምድናቸውን በካርታ ላይ ሳሰምረው እጄ ቆመ። ያንተ መንገድ ነበር። የሄድክበትን ሁሉ ዓሦቹ ይዘውት ኖረዋል። የጓሯችን ዓሦች መስመር ግን የትም አልነበረም፣ ከጓሯችን በቀር።

ከጉደር ፏፏቴ በታች፣ ከመንገድ ርቆ፣ የወንዙ ሙላት ትቶት የሄደ አንድ ጎድጓዳ ውሃ አለ። ማንም የወባ ሠራተኛ አይደርስበትም። ከብት አይጠጣውም፣ እረኞችም ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ የቀዳኋቸው ዓሦች ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። መስመራቸውን ሳየው የጓሯችን ነበር።

ወደዚያ ውሃ ተመለስኩ። መሬቱን የሚያርሱት ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ራቅ ብለው ቆመው ያዩኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጣሳዬን እንዳንተ በጥፍሬ አንኳኳሁ። ውሃው ጠቆረ። ከየዳርቻው መጡ፤ አንድም ሳይንቦጫረቅ፣ ፊታቸውን ሁሉ ወደ እኔ አድርገው ቆሙ። አባዬ፣ አንተን የሚያውቁት ከሞቱ ስንት ትውልድ አልፏል። የተማሩት ነገር ለልጅ አይተላለፍም ብለው አስተምረውኛል። እኔም ፈተና ላይ እንደዚያው ጽፌያለሁ።

ኦቦ ዲንሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አያውቁም አሉኝ። ከዚያ ወደ ሾላው ዛፍ ጀርባ ወሰዱኝ። የድንጋይ ክምር ነበር።

እንደነገሩኝ፣ ያን ክረምት የወንዙ ሙላት ሲጎድል ዛፉን ተደግፈህ እንደተቀመጥክ አገኙህ። ጀሪካኑ አጠገብህ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ባዶ ነው፤ ክዳኑ እጅህ ውስጥ ነው። ከውሃው ወጥተህ፣ አቅምህ ሳያልቅ፣ የእኔን ዓሦች ለቀህልኛል። እሳቸው ቀበሩህ። ያን ጊዜ ሬሳ አገኘሁ ያለ ሰው ራሱ ይታሰር ነበርና ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም።

እማዬን ወሰድኳት። ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጠረገች፤ ስምንት ዓመት የያዘችውን ለቅሶ እዚያ አወረደችው። አልሸፈትክም፣ አልተውከንም። ኦቦ ዲንሳ ጀሪካንህን ሰጧት፤ ታጥቦ፣ ክዳኑ ጠብቆ ነበር።

ያን ዕለት ማምሻ፣ ቤት ስንገባ በሩን ቀረቀረችው። ከዚያ ጆሮዋን በሩ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች። ምን እንደሰማች አልጠየቅኋትም።

ጊንጪ መምህርት ሆኜ ተመድቤያለሁ፤ እንዴት እንደቸኮልኩ ብታይ። ጀሪካኑን እማዬ ፈቅዳልኛለች፤ ከዚያ ውሃ ጥቂቶቹን ቀድቼበት እሄዳለሁ። ትምህርት ቤቱ ጓሮ ኩሬ አስቆፍራለሁ። ተማሪዎቼ እነዚህ ከየት መጡ ሲሉኝ በመጽሐፉ አልጀምርም፤ ባንተ ስም እጀምራለሁ። በየጠዋቱም በጥፍሬ አንኳኳለሁ። እነሱ እስከወጡ ድረስ፣ አባዬ፣ አንተም መንገድ ላይ ነህ።

ልጅህ