ለእኔ ያልተረፈ ላባ

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ዛፉን ዛሬ አቆምነው። ዛፍ ስል... ባለቤቴ ደዌይን ከጓሮ የቆረጠው የሜፕል ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ማሰሮ ውስጥ ጠጠር ሞልተን ሰካነው። ከቀይና ከብርቱካንማ ወረቀት ቅጠል ቆረጥን። ቆረጥን ማለቴ፣ እኔ ቆረጥኩ፣ ዴሊያ ኮላ ላሰች። አይመርዝም ይላል ጠርሙሱ። እንግዲህ እሱን ማመን ነው።

ደንቡ የአምናው ነው። እስከ ምስጋና ቀን በዓል ድረስ በየማታው ከእራት በፊት ሦስታችንም የምናመሰግንበትን አንድ ነገር እንናገራለን፤ ቅጠል ላይ ተጽፎ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ አይወርድም። ዴሊያ ገና አምስት ዓመቷ ስለሆነ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

ዴሊያ፦ ካልሲ። ደዌይን፦ የክራንቤሪው፣ የቀዩ ፍሬ፣ ለቀማ በሰላም ማለቁ። እኔ ቤተሰቤ አልኩ። አልኩና ራሴን ታዘብኩት። የማን ቤተሰብ? ልጅቷን ሁለት ዓመት ተኩል አሳደግናት እንጂ የመንግሥት አደራ ናት። ለእናቷ ትመለስ ወይስ ለእኛ ትቅር፣ ዳኛው በ17 ይወስናል። ይህን ቅጠል ላይ አይጽፉትም።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ሐሙስ የዴሊያ እናት የሻና ቀን ነው። የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ምንጣፍ፣ መጫወቻ፣ ጥግ ላይ የምትጠብቃቸው ሠራተኛ። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ እቆያለሁ። ዛሬም እንዳትመጣ ተመኘሁ። ማንም ስለማያየው ልጻፈው... እንዳትመጣ ብዬ ጸለይኩ።

አምና ቢሆን ጸሎት አያስፈልገኝም ነበር። ሻና ሦስቴ ቀጠሮ ከተያዘላት ሁለቴ ትቀር ነበር፤ በመጣችበት ቀንም ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። የዚያ ሱስ ያስያዛት ክኒን ነገር። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ክኒኑን ተወች፣ አረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ሥራ ያዘች፣ ቤት ተከራየች። አንድም ሐሙስ አልቀረችም። ዛሬም ከእኛ ቀድማ ደርሳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማለች።

"ሰላም ነዎት?" አለችኝ። ሁልጊዜ በአክብሮት ነው የምታናግረኝ። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ማታ ዴሊያ፦ የእናቴ አዲስ ጫማ ስለሚጮህ። ጻፍኩት። ሰቀልኩት።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ዴሊያ፦ ማካሮኒ። ደዌይን፦ ማካሮኒ። ሊያስቃት ነው። እኔም ምንም አልመጣልኝ ሲል ማካሮኒ አልኩ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

የእጅ ተርኪ ሠራን፤ ለምስጋና ቀን የሚታረደውን ትልቅ ዶሮ በመዳፍ ቅርጽ። መዳፏን ወረቀት ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩላት። አውራ ጣቷ የዶሮው ራስ፣ አራቱ ጣቶች ላባ። ሲሰመርባት ይኮረኩራታል፤ ሦስት ወረቀት አበላሸን።

ከዚያ በየላባው የምታመሰግኚውን ሰው ስም ተናገሪ አልኳት። ምነው ባላልኩ። እናቴ፣ አለች። ቀጥላ ደዌይን። ቀጥላ አያት ማርሊስ፣ አማቴን ማለቷ ነው። አንድ ላባ ቀረ። እርሳሱን ይዤ ጠበቅኩ። አፌ ላይ ፈገግታ ለጥፌ ጠበቅኩ። ብዙ አሰበችና፦

"ሩፉስ።"

ውሻው።

"እኔስ? ጆስ?" አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

ወረቀቱን አገላብጣ አየች። እውነት አዘነችልኝ።

"ላባው አለቀ" አለች።

ሳቅኩ። ደዌይንም ሳቀ። የልብስ ማጠቢያውን ላየው ብዬ ወርጄ እዚያ አለቀስኩ። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት በውሻ ተቀድማ ታለቅሳለች? ታለቅሳለች።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ሬናታ ደወለች። ሰኞ ዳኛው እኔንም ይጠይቀኛል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ከተገናኘች በኋላ እንዴት ነው የምትሆነው፣ ነው ጥያቄው። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ አለችኝ።

ያየሁትን... መጀመሪያ ላይ ሐሙስ ማታ አልጋዋ ላይ ትሸና ነበር። እየጮኸች ትነሳ ነበር። አንሶላ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ ግን ቆመ። አሁን እየዘፈነች ነው የምትመለሰው።

ለደዌይን ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር።

"አልጋ ላይ እንደምትሸና ንገሪው።"

"ትሸና ነበር እንጂ።"

"መቼ ብሎ ካልጠየቀሽስ? ያልሆነ ነገር ተናገሪ አላልኩሽም፣ ጆ።"

ልጣጩን መሰብሰብ ያዝኩ። እሱም አልደገመውም። ድንቹን ልጦ ልጦ ፍሬው ሊያልቅ ደረሰ። ደግ ሰው ነው ደዌይን። ይህን ያስባለው ደግነቱ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የእኔም ሆድ ውስጥ ያው ፍርሃት አለ፤ እሱ ቀድሞ ስለተናገረው ብቻ እኔ ንጹሕ መሰልኩ።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ሬናታ ባለቀለም ወረቀትና ከለር ይዤ እንድመጣ ጠይቃኝ ነበር፤ እናትና ልጅ የምስጋና ቀን ነገር እንዲሠሩ። ሰጥቻቸው ልወጣ ስል ሻና ጠራችኝ። አሠራሩን አታውቀውም። የራሷን እጅ ወረቀቱ ላይ ዘርግታ እያሰመረች ነበር።

"ያንቺ አይደለም! የእኔ ነው የሚሠመረው" ዴሊያ በሳቅ ፍርስ አለች።

ሻና ቀላች። "እኛ ቤት አልተሠራማ። እናቴ ምስጋና ቀንን ቴሌቪዥን ላይ ነበር የምታከብረው" አለችኝ። መሬት ተቀምጬ አሳየኋት። እርሳሱን እንዴት ቀለል አድርጋ እንደምትይዝ፣ ጣቶቹ መሃል ሲደርስ እንዴት እንደሚኮረኩራት። የእኔን ነገር በገዛ እጄ አንስቼ ሰጠኋት። ስሰጥ ደግሞ ቆንጆ አስተማሪ ነኝ፣ አያድርስ።

ልወጣ ስል ሻና፣ ዴሊያ ተርኪ ትወዳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምናልባት ዘንድሮ ልጅቷ ለበዓሉ ከተፈቀደችላት ብላ እያሰበች ነው።

"ሁሉን ትበላለች" አልኳት።

ውሸት። ዴሊያ ተርኪ በአፏ አይዞርም። ለምን እንደዋሸሁ አውቀዋለሁ። ሳህኑን ገፍታባት እንድታፍር ነው። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ ለካ።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ። ልጅቷ ከእናቷ ከተመለሰች በኋላ እንዴት ናት?

ደዌይን አጠገቤ ነበር። ሻና ማዶ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ መሃል ደብቃለች። ያን ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ አድርሼዋለሁ። አልጋ ላይ ትሸናለች። ሦስት ቃል።

"መጀመሪያ ትረበሽ ነበር፣ አልጋም ላይ ትሸና ነበር" አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ዳኛው መጻፍ ጀምረዋል። ማንም መቼ አላለኝም። "ከነሐሴ ወዲህ ግን አንድም ቀን የለም። አሁን እየዘፈነች ነው የምትመለሰው።"

ለምን ጨመርኩት? ደግ ስለሆንኩ አይደለም። እየዘፈነች መመለሷ እውነት ስለሆነና... ዘፈኗን መካድ አቃተኝ።

ቅዳሜ ትሂድ ተባለ። "ለምስጋና ቀን ከእናቷ ጋር ትሁን" አሉ ዳኛው፤ መልካም ዜና እያበሠሩን መስሏቸዋል። ሻና መጥታ አቀፈችኝ። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። እኔ አላቀፍኳትም። እጄ አልነሳ አለኝ።

መኪና ውስጥ ደዌይን ቁልፉን ከቶ ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። በኋላ "ልክ ነው ያደረግሽው" አለኝ። ድምፁ ግን ልክ ነው አይልም።

ማታ፦ ዴሊያ ሩፉስን አመሰገነች። ደዌይን ዛሬ እለፉኝ አለ። እኔም።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ደዌይን ጋራዥ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ሰምቼው አላውቅም። አልገባሁም። ምን ብዬ ልግባ? ያስለቀስኩት እኔ ነኝ።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ነገርናት። ከቅዳሜ ጀምሮ እናትሽ ጋ ነሽ፣ ለሁልጊዜ። እሰይ አለች። ቀጥላ ሩፉስስ አለች። አይሄድም። ከዚያ ወደ ማሰሮው ዞራ፣ ዛፉስ?

ያንቺን ቅጠሎች በፖስታ እሰጥሻለሁ አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

"የተንጠለጠለ አይወርድም። አንቺ ነሽ ያልሽው።"

ደዌይን ሄዶ ትልቅ ካርቶን ፈለገ።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ዛፉ ሙሉውን ሄደ፤ የእሷም፣ የእኛም ቅጠል እንዳለ። መኪናው ውስጥ ደዌይን ቀበቶ አሰረለት። ዴሊያ መንገዱን ሙሉ፣ ቀስ በል ቅጠሉ ይረግፋል እያለች ስትቆጣው ነበር። በሕይወቴ እንደ ዛሬ ቀስ ብሎ ሲነዳ አላየሁም።

ሻና የምትኖረው ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ሱቅ በላይ ነው፤ ወለሉ ከማሽኖቹ የተነሳ ይሞቃል። ንጹሕ ነው። ጉድለት ፈለግኩ፣ አጣሁ። የዴሊያን አልጋ አንጥፋ፣ ትራሱ ላይ አዲስ ፒጃማ አስቀምጣለች። ፒጃማው ጠባብ ነው። አልነገርኳትም፤ ነገ ታየዋለች።

ደረጃው ላይ ስትሸኘኝ ግን አላስቻለኝም።

"ተርኪ አትበላም" አልኳት። "ትኩስ ዳቦና ክራንቤሪ ብቻ። ክራንቤሪውም ከቆርቆሮ የሚወጣው ነው፤ ክብ ክብ ተቆርጦ። ደዌይን በእጁ የለቀመውን አትነካለትም። ያን ዕለት ዋሽቼሽ ነው።"

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ሁሉን የሚበላ ልጅ የለም።"

እንዳላኮረፈች ሳይ ባሰብኝ። ዴሊያ መስኮት ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልን፤ ወዲያው ዞር አለች፣ የምታየው ብዙ ነገር አለ። ደዌይን ከመኪናው አልወረደም።

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅ ይጮህበት የነበረ ቤት ጸጥ ሲል ጆሮ ያማል።

ሬናታ ደወለች፣ ደህና ናችሁ ወይ። ሌላ ልጅ ለመቀበል ስትዘጋጁ ንገሩኝ። ዘጋሁባት። በኋላ መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ባዶውን ቤት ገና እንዳልለመድኩት ግን አልነገርኳትም።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ። የምስጋና ቀን

ማርሊስ በጠዋት መጡ፤ ፓይ የሚሉትን የዱባ ጣፋጫቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው። ልጅቷን አላነሱም። እንዳያነሱ ደዌይን ነግሯቸዋል መሰለኝ። ላብ እስኪያጠምቃቸው ወለሉን ጠረጉልኝ፤ ንጹሑን ወለል።

ጠረጴዛው ላይ እንደ ልማዳቸው በየሳህኑ አጠገብ አምስት አምስት የደረቀ የበቆሎ ፍሬ አስቀመጡ። ለአንድ ፍሬ አንድ ምስጋና ነው፤ ሳይጨርሱ አይበላም። ማርሊስ ጀመሩ፤ ሕመሙ ለተሻለው ዳሌያቸው፣ ለዝናቡ፣ ለልጃቸው... ደዌይንም እንደምንም አምስቱን ሞላ። አምስተኛው ላይ ወደ እኔ አመለከተ። ስልኩ ጮኸ።

ሻና ናት። 

"ይቅርታ፣ እየበላችሁ ይሆናል። ተርኪው ሆድ ውስጥ የወረቀት ከረጢት አገኘሁ። ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቷል። አበላሸሁት አይደል? ተመርዟል?"

ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ውስጡ ያለው ጉበቱና አንገቱ ነው አልኳት፤ ወረቀቱን አውጪው፣ ምንም አይሆንም፣ መልሰሽ ክተቺው። "እኔ ባገባሁ ዓመት ለአማቴ ከነወረቀቱ ነው ያቀረብኩላቸው።" ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዳኛው ፊት ከቆምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሙቀቱን ነገርኳት፣ መረቁን እንዴት እንደምታወፍረው ነገርኳት፣ ዳቦው በመጨረሻ ይግባ አልኳት። እንዲሳካላት ፈለግኩ። ከልቤ። ራሴም ገረመኝ።

"ዴሊያን ላገናኝዎት? ዴሊያ! ጆ ናት፣ ነይ አናግሪያት።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። ወንበር ተጎተተ። የጠርሙስ ክዳን የመሰለ ነገር ወደቀ።

"አልችልም" አለች ከሩቅ። "እጄ ኮላ ነው።"

"እኔ እይዝልሻለሁ።"

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩሽ እኮ።"

የተቆጣች ድምፅ አይደለም። ቤቷ ውስጥ ያለች ልጅ ድምፅ ነው። ጠበቅኩ። ይህን ያህል ጊዜ ጠብቄ አላውቅም። ሻና ተጨንቃ ልትለምናት ስትጀምር፣ ተያት አልኳት። አታስገድጃት። መልካም በዓል።

ዘጋሁና መደርደሪያው ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስኩ። ስንት ቀን አምቄው የከረምኩት ሁሉ ወጣ። ፊቴን በመጥረጊያ ጨርቅ ጠርጌ ተመለስኩ። ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ማንም አልነካም።

"ያንቺ ተራ ነው፣ ልጄ" አሉኝ ማርሊስ ቀስ ብለው።

አንድ ፍሬ አነሳሁ።

"ዴሊያ እጇ ኮላ ስለሆነ አመሰግናለሁ።"

ማርሊስ አልገባቸውም። ደዌይንን አዩት። እሱ ገብቶታል፤ በጠረጴዛው ሥር እጄን ፈልጎ ያዘኝ። ሁለተኛውን ፍሬ አነሳሁና መናገር አቃተኝ። ማርሊስ ደንባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትተው፣ ብዪ በቃ አሉኝና ድንቹን አሳለፉልኝ።