ለሽሪምፕ የተገዛ አረቄ

ለልጄ፤

የሰማይ አምላክ ከዚያ ከጅቡቲ ሙቀት ጥላ ይሁንሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ፣ ክብር ለእሱ ይሁን፣ አለሁ። ዘንድሮ ደባርቅ ላይ ውርጩ በርትቷል፤ የጓሮው ጎመን ግን ተርፏል። ስልኩ ተዘግቶ ስለሰነበተ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። የሚያደርስልሽ የአክስትሽ ልጅ የሺዋስ ነው፤ መኪናውን ይዞ ለጭነት ወደ ወደቡ ይወርዳል።

በእሱ እጅ የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። የባሕር እንስሳት ምርምር ክፍሉ አለቃሽ ዶክተሩ፣ «ይቺ ሽሪምፕ በየመረቡ የምትገባው የተለመደችዋ ናት፤ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ምን ታውቃለች» ብሎ በሰው ፊት እንደሳቀብሽ አየሁ። ከፋሲካ በፊት «የተለመደችዋ ናት» በሚለው ሪፖርት ላይ ፈርሚ እንዳለሽም አየሁ። አንቺም «ደክሞኛል አባዬ፣ ልፈርምና ይውጣልኝ» ብለሻል።

አትፈርሚ።

ተቆጣኝ እንዳትዪ። ተቆጥቻለሁ፤ በአንቺ ግን አይደለም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ፣ ቡይት ራስ በር ላይ፣ የአራዊት ጠባቂ ስካውት በነበርሁ ጊዜ እንግዳው ሁሉ ጭላዳውን አይቶ «ዝንጀሮ» ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ «ጌታዬ፣ ቆየኝማ፤ ቀዩን ደረቱን እይ» ስል ነው የኖርሁት። ሳያይ የተሳሳተ ሰው ቀላል ነው፣ ይታረማል። እየው ሲሉት ፊቱን የሚያዞረው ነው የሚያናድደኝ።

እናትሽን ልታስታምሚ ስትመጪ በብልቃጥ ይዘሻት የመጣሽው ካገኘሻቸው ሁለት ሽሪምፖች አንዷ፣ ያቺ ብዙ እግር ያላት የባሕር ፍጥረት፣ ትዝ ትልሻለች? አልጋው አጠገብ ተቀምጠሽ በአጉሊ መነጽር እያየሽ ትስያት ነበር። እናትሽ፣ «ከእኔና ከዚች ነጭ ትል የማናችን አስታማሚ ነሽ?» ብላ ስትቀልድብሽ፣ በሕይወት ሳለች ቀይ መስመር እንደነበራት፣ ቀለሟን አልኮሉ እንደበላው ነገርሻት። ዋናው ምልክት ከግንባሯ እንደ ወስፌ የሚወጣው ሹል ነው አልሽን። የተለመደችዋ የመጋዝ ጥርስ ያላት ከሹሉ በላይ ብቻ ነው፤ ይቺኛዋ ከሥሩም አላት፤ በዓለም ላይ አይቶ የመዘገባት ሰው ጥቂት ነው አልሽን። ዶክተሩ ዘንድ ያለችው ሹሏ በአያያዝ ተሰብሯል ብለሽ ጽፈሻል። የእኛዋን ግን ከእናትሽ ቀብር በኋላ ስትቸኩዪ መደርደሪያው ላይ ትተሻት ሄደሻል። በደብዳቤሽ ስለ እሷ አንድም ቃል የለም። የጣልኋት መስሎሻል፤ አልፈርድብሽም።

አልጣልኋትም። ሹሏም አልተሰበረም።

ነገር ግን የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ። የብልቃጧ ክዳን አየር እያስገባ አልኮሉ ይጎድል ጀመር። ጀርባዋ ሊደርቅ ሲል ፋርማሲ ሄድሁ፤ መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ነበርና ስፒሪት የለም አሉኝ። ዳባትም ሰው ልኬ አስጠየቅሁ፣ የለም። ጨነቀኝና ካሳነሽ መጠጥ ቤት ገብቼ ዳግም አረቄ ገዛሁ፤ ያን ሁለቴ የወጣውን፣ ክብሪት ሲያዩ የሚነደውን። በሁዳዴ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ አባትሽ።

ካሳነሽ ጠርሙሱን እየሞላች፣ «አያ፣ ለቁርጥማት ነው ለሐዘን?» አለችኝ። ለእንግዳ ነው አልኋት። «በጾም ዳግም የሚጠጣ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?» ስትለኝ፣ «ከባሕር የመጣች ናት፤ እሷስ አትጠጣም፣ ትነከርበታለች» ብላት ሳቋን ለቀቀችው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ መጠጥ ይዞታል ተባለ።

በሳምንቱ የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው አያ ትዕዛዙ፣ የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ ኪዳንን አስከትሎ መጣ። ጽዋው ወደ እኔ ቤት የሚገባበት ተራ ደርሶ ነበር። ብልቃጧን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ነገሩ የባሰ ከረረ። አያ ትዕዛዙ፣ «ሰካራም ሆነ ብለው ሲያሙህ ይሻል ነበር። ክንፍና ቅርፊት የሌላትን ርኩስ ጽዋ በሚገባበት ቤት ታስቀምጣለህ? ወይ እሷን አውጣ፣ ወይ ተራው ይለፍህ» አለኝ።

ይለፈኝ አልሁት።

ለአባ ደግሞ እንዲህ አልኋቸው፦ አባቴ፣ ሕጉ አትብሉ አለ እንጂ አትወቁ አላለም። ለመጀመሪያው ሰው የተሰጠው ሥራ ፍጥረትን በየስሙ መጥራት አይደለም ወይ? ልጄ የያዘችው እሱን ሥራ ነው። የአንዷን ስም ለሌላዋ መስጠት በሐሰት መመስከር ነው፤ ያቺ አፍ የላትምና አትከራከርም። አባ አንቺ ትተሽው የሄድሽውን አጉሊ መነጽር ተቀብለው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ ብልቃጧን በአውራ ጣታቸው ለክተው ቀስ ብለው፣ «ይቺ የጣት ያህል ናት። ጠርሙሱ ግን ትልቅ ነው» አሉኝ።

አያ ትዕዛዙ ወጣ፤ እሳቸው ቀሩ፤ ጎደሎውን ጠርሙስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የተባባልነው በእኔና በእሳቸው መካከል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሳነሽ ዘንድ የምሄደው ብልቃጧን ይዤ ነው፤ ጠርሙስ አልይዝም። እሷም በማንኪያ እየለካች ትሞላልኛለች።

ጽዋው አለፈኝ፤ ጎረቤት ቤት ሲገባ በአጥር በኩል ዝማሬውን እሰማ ነበር። ያን ቀን ራሴን ጠየቅሁ፤ ለልጄ ሥራ ነው የቆምሁት ወይስ ለእልኼ? እልኽም አለበት፣ አልዋሽሽም። ግን የሞተች እናትሽ ያየቻትን፣ የሳቀችባትን ፍጥረት ቆሻሻ ላይ መጣል አልሆነልኝም።

አሁን ብልቃጧን ለየሺዋስ ሰጥቼዋለሁ። በእናትሽ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ በሶ ጣሳ ውስጥ ቀብሬያታለሁ። እኔ በመነጽሩ ከሹሉ ሥር በኩል የሆነ ነገር ያየሁ ይመስለኛል፤ ዓይኔን ግን አላምነውም፣ ሥራውም የእኔ አይደለም። አንቺ እይው። ጥርስ ከሌላት ያን ጊዜ በራስሽ እጅ ፈርሚ፣ አላፍርብሽም። ካላት ግን ሰውዬው ፊት አስቀምጪና፣ «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ናት የጠበቀቻት» በይው። አረቄ መጨመሩንም ሳትደብቂ ጻፊ። ሽታው ላይ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

ባሕሩን በልክ የወሰነ ጌታ እግርሽን ከመንሸራተት፣ እጅሽን ሐሰት ከመጻፍ ይጠብቅልኝ። እንጀራሽ አይጉደል፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ።

ባዶ ብልቃጥ መልሰሽ እንዳትልኪልኝ። እንግዳዋ ከሄደች ወዲህ ካሳነሽ ቤት የሚያስኬደኝ ጉዳይ የለኝም።

አባትሽ፤
ደባርቅ፣ መጋቢት