ያለ ፍላሽ፦ የፎቶግራፍ ባለሙያው የአቶ ስለሺ ቤዛብሕ የሕይወት ታሪክ

አቶ ስለሺ ቤዛብሕ ከአባታቸው ከአቶ ቤዛብሕ ተክለሃይማኖት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ታየች ወልደሰንበት የካቲት 9 ቀን 1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ማርያም በሚወርደው መንገድ ዳር ተወለዱ። አባታቸው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እናታቸው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጉለሌ ተከታትለዋል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1969 ዓ.ም. ፒያሳ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ካሜራ እንዲነኩ አልተፈቀደላቸውም። ቢሆንም በመድኃኒት በተነከረ ነጭ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ቀስ እያለ ሲመጣ ማየትን የመሰለ ነገር በሕይወታቸው እንዳላጋጠማቸው ይናገሩ ነበር።

ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉእመቤት ዓለሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በሚቀጥለው ዓመት ሽሮ ሜዳ ላይ የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ።

ሐምሌ 1982 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ሐመልማል በሰባት ወሯ ተወለደች። ወ/ሮ ሙሉእመቤት በቀዶ ሕክምና ስለወለዱና ቁስሉ ስላመረቀዘባቸው ሕፃኗ ካለችበት የማሞቂያ ክፍል ርቆ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ መነሣትም አይችሉም። ልጃቸውን አላዩም። ባለቤታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ «ፎቶዋን እንኳ አምጣልኝ» ብለው ለመኑ። በአምስተኛው ቀን የሕፃኗ ሐኪም ለአቶ ስለሺ፣ ወላጅ በማይገባበት ክፍል ለአንድ ጊዜ ብቻ ሁለት ደቂቃ እንዲገቡ ፈቀደችላቸው፤ ፍላሽ ግን ከለከለች። ክፍሉ መጋረጃው የተጋረደ፣ ጨለም ያለ ነበር። አቶ ስለሺ በነበራቸው ካሜራ ስድስት ጊዜ አነሡ። ፊልሙ ታጥቦ ሲታተም ስድስቱም ጥቁር ሆነው ወጡ። ሐመልማል በተወለደች በዘጠነኛው ቀን አረፈች።

ፎቶ ቤታቸውን «ሐመልማል ፎቶ» ብለው የሰየሙት ከዚያ ወዲህ ነው። እግዚአብሔር ፈቅዶ በ1985 ዓ.ም. ትሕትናን፣ በ1989 ዓ.ም. ኖህን ወለዱ። ይሁን እንጂ ወ/ሮ ሙሉእመቤት በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ «ምን ትመስል ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አቶ ስለሺም ሁልጊዜ «አንቺን» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩም ነበር።

አቶ ስለሺን በሙያው ዘንድ ያስታወቃቸው በጨለማ የሚያይ ሌንስ ፍለጋቸው ነው። ሌንስ እንደ መስኮት ነው፤ ሰፊ ሲሆን ብዙ ብርሃን ያስገባል። እጅግ ሰፊ የሆኑት በአንድ ጧፍ ብርሃን ሰው ማንሣት ያስችላሉ፤ ነገር ግን ብርቅ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከምናለሽ ተራ የአሮጌ እቃ ክምር መካከል ከተጣለ የራጅ ማሽን የወጣ፣ የጣሳ ወተት የሚያህል ከባድ ሌንስ አገኙ። ለማንኛውም ካሜራ የተሠራ አልነበረም። አዲሶቹ ዲጂታል ካሜራዎች የድሮዎቹ በሆዳቸው የሚይዙት አንጸባራቂ መስታወት ስለሌላቸውና ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ ግን፣ ልክ የሆነ ማገናኛ ቀለበት ከተገኘ ሊቀበሉት ይችላሉ። ያን ቀለበት የሠሩላቸው ጎረቤታቸውና የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው፣ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ባለቤቱ አቶ ቡሽራ ናቸው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ቀለበቱ በግማሽ ሚሊሜትር ሲወፍር ካሜራው ፊቱን ትቶ ከፊት ያለውን ጣት ያጠራል፤ ሲሳሳ ደግሞ ከኋላ ያለውን ግድግዳ። ስድስት ቀለበቶች ተሠርተው ተጣሉ። በሰባተኛው ላይ አቶ ቡሽራ ማሽኑን አጥፍተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለሙሉእመቤት እንኳ ያሰርክላት አንድ ቀለበት ነው፤ ለዚህ ብርጭቆ ሰባት!» አሉ። አቶ ስለሺም «ሙሉእመቤት ግማሽ ሚሊሜትር ብሳሳት ይቅር ትለኛለች፤ ይሄ አይልም» ብለው መለሱ። ሰባተኛው ሆነ።

ሌንሱ ከሽፋሽፍት እስከ ጆሮ ያለውን እንኳ አንድ ላይ አያጠራም፤ አንድ ዓይን ከጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ለሠርግ አይሆንም፣ ለመታወቂያም አይሆንም። አቶ ስለሺ የፈለጉት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። የሕፃናት ነርሷ ሲስተር መሰለች በምትሠራበት ሆስፒታል አስፈቅደው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ያለ ፍላሽ እያነሡ፣ ፎቶውን በዚያው ቀን አትመው ከአልጋ መውረድ ላልቻሉ እናቶች ማድረስ ጀመሩ። ለአሥራ አንድ ዓመታት ማክሰኞ ማክሰኞ ሳያስታጉሉ ይህን አድርገዋል፤ ምንም አላስከፈሉም።

በዚያ ክፍል አንድ ልማድ ነበራቸው። ካሜራውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሕፃኑን በዓይናቸው ረጅም ጊዜ ያያሉ። ሲስተር መሰለች አንዳንዴ ትዕግሥቷ ሲያልቅ «አባባ፣ ሊያነሡት ነው የመጡት ወይስ ሊያጩት?» ትላቸው ነበር። እሳቸው ፈገግ ብለው ማየታቸውን ይቀጥላሉ። ፎቶው የደረሳት አንዲት ወጣት እናት «ወይ ጉድ፣ አፍንጫው ቁርጥ የአማቴ! አሁን ማን ይችላቸዋል?» ብላ ስትስቅ ስፌቷ እንዳይፈታ ነርሶች ሮጠው እንደያዟት አቶ ስለሺ ደጋግመው ሲያወሩ ቤተሰባቸው ሰምቷል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። የአንዳንዶቹ ግን በወላጆቻቸው እጅ የቀረው ያ ፎቶ ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ልጃቸው ትሕትና ሰምሀልን ከጊዜዋ ቀድማ ስትወልድ፣ የልጅ ልጃቸውን በዚያው ሌንስ አነሷት። ወ/ሮ ሙሉእመቤት ፎቶውን ተቀብለው «ስሌ፣ ሐመልማልን ትመስላለች?» ብለው ጠየቁ። አቶ ስለሺ ካሜራቸውን ይዘው ከክፍሉ ወጡ።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ሕመም መያዛቸው ታወቀ። በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት፣ ልጃቸው ትሕትና ባለችበት፣ ባለቤታቸውን አስጠርተው እንዲህ አሉ፦

«ሙሉ፣ አላየኋትም። ሁለቱን ደቂቃ ብርሃን ስለካ፣ ሌንስ ሳዞር ጨረስኩት። በካሜራው ውስጥ የነበረው አንድ ደብዛዛ ነገር ነው። በዓይኔ ልያት ብዬ ቀና ስል ‹ይበቃል› አሉኝ። በኋላም ተጠቅልላ ነው የሰጡኝ፤ ልገልጣት አቅም አጣሁ። አንቺን ትመስላለች ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ወ/ሮ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን አስቀምጠው ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡና፣ «እኔ እኮ ሠላሳ አምስት ዓመት የቀናሁብህ፣ አንተ አይተሃታል ብዬ ነው። እንግዲያውስ ጠጋ በልልኝ፤ ሁለታችንም አላየናትም» አሉ። ከጎናቸውም ተኙ። ትሕትና በሩን ዘግታ ወጣች። እናትና አባቷ ለሐመልማል አብረው ሲያለቅሱ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይህ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ወ/ሮ ሙሉእመቤት ናቸው። ይህ ባይነበብስ ቢባሉ፣ «የዋሸኝ ለእኔ ብሎ ነው። ብቻውን የተሸከመውን ሰው ይወቅለት» ብለዋል።

አቶ ስለሺ ቤዛብሕ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ዝምተኛ፣ ቀጠሮ አክባሪ፣ ሰውን አፍጥጠው ሳይሆን አክብረው የሚያዩ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅ እንዲሁም ሁለት እህቶችን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው፣ በዛሬው ዕለትም ለሸኟቸው ወዳጅ ዘመዶችና ዕድርተኞች ሁሉ ቤተሰባቸው ምስጋናውን ያቀርባል።

ብርሃን የማያልቅበት አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑር። ለወ/ሮ ሙሉእመቤት መጽናናትን ይስጥ። ሐመልማልንም፣ «ይበቃል» የሚል በሌለበት፣ ፊት ለፊት ያሳያቸው። አሜን።