የእናቴ ዲስክ

ሐሙስ፣ የካቲት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ላፕቶፔ በጦርነቱ ተዘርፏል፤ የቀረን አሮጌው ኮምፒውተር ነው። አክስቴ ከጅዳ የላከችውን ዲቪዲ ዛሬ ከተትኩበት። ሟች እናቴ መንዙማ ስትቀበል የምትታየው እሱ ላይ ብቻ ነው። "ዲስኩ ለሌላ አካባቢ የተሠራ ነው" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መጣ። ኮምፒውተሩ የዲስክ አካባቢ የሚያስቀይረው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው አንድ ዕድል ነበር። መጀመሪያ የዲስኩ ሽፋን ላይ ያለውን የአካባቢ ምልክት ልይ ስል አጎቴ ሰይድ ሳቀብኝ።

"ዲግሪሽ ለዚችም አልሆነ? አገርሽን መርጠሽ ተገላገይ እንጂ!"

በንዴት አፍሪካን ጫንኩ። አፍሪካ ላይ ተቆለፈ። ዲስኩ የተሠራበትን የጅዳን አካባቢ መምረጥ ነበረብኝ፤ አሁን አይመለስም።

ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ያለው አባቴ ስክሪኑ ፊት እንደተቀመጠ ነው።

"መጣች?" አለኝ።

"ገና ነው አባዬ።"

አጎቴን ዝም ላሰኝ ብዬ አባዬን አስጠበቅሁ። ነገ ደሴ ሄጄ ሌላ ማጫወቻ እፈልጋለሁ፤ ማንንም አልለምንም። ብቻ ዓይኑ ይቆይልኝ።