ከነባለሙያው የተበረከተው ዲሽ

መጋቢት 10 ቀን 1990 ዓ.ም.
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ

ለክቡር አቶ ኃይለኢየሱስ፣ የመምሪያችን ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በስጦታ ወደ ውጭ አገር የተሰጠ ሠራተኛ መመለሱን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ባሮ ድንጋዩ እስኪታይ በጎደለበት በዚህ የመጋቢት ሙቀት፣ ከቢሮዎ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ አንድም ቀን ሳይቆም፣ እርስዎም ከነቤተሰብዎ፣ ከነሾፌርዎና ከነአዲሱ ወንበርዎ በፍጹም ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ውኃ ከቋጠረው እግሬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በአደባባይ መጻፌን ግን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ተነግሮኛል፤ በአምስተኛው ደግሞ ዘበኛው ስሜን ከሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ስላጣው ከበር መልሶኛል። ስለዚህ ደብዳቤው ገበያው አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ታሪካችንን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ወንዳፈረው እባላለሁ፤ በመምሪያዎ የድምፅ ማጉያ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበርሁ። እርስዎና እኔ በሰባ ሰባት ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነን የመጣን፣ በሰፈራው መንደር አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የለበስን ነን። በሰርጌም አንደኛ ሚዜዬ እርስዎ ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት አንተ እያልሁ ስጠራዎት ስለኖርሁ፣ በዚህ ደብዳቤ አንድ ቦታ ላይ ካመለጠኝ አስቀድሜ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

በጥር መጨረሻ መምሪያችን ከጂካዎ ማዶ፣ በሱዳን ምድር ካሉት ከብት አርቢ ጎረቤቶቻችን ጋር ስለ ግጦሽና ስለ ውኃ የሚመክር ቡድን ለስድስት ቀን ላከ። ሳምንቱ የአፍሪካ ዋንጫ የሚጀመርበት ሆኖ በመገኘቱም፣ የኳስ ውጤት ያላወቀ ሰው ስለ ሰላም ለመምከር ልቡ እንደማይረጋ ክቡርነትዎ በጥበብ ተገንዝበው፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመምሪያው የሰጠው ተጣጣፊ ዲሽ፣ ቴሌቪዥኑና ጄኔሬተሩ ከድንኳኖቹ ጋር እንዲጫኑ አዘዙ። እኔም አብሬ ተጫንሁ። የመውጫ ወረቀት ያስፈልገኝ እንደሆነ ስጠይቅዎ፣ ከእርስዎ ጋር እስካለሁ ድረስ ምንም እንደማያስፈልገኝ በእናትዎ ስም ማሉልኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ውጭ አገር ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። የሰፈርንበት ሜዳ በበጋ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ስለነበረ፣ የዲሹ ሦስት እግር በየስንጥቁ እየገባ አስቸገረን። በእኛ አካባቢ ዲሽ ወደ ጎን አያይም፤ ወደ ሰማይ ተንጋሎ ነው የሚተከለው፤ ጣት ያህል ከተዘነበለ ምስሉ ይጠፋል። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ሙዎች ችግሬን አይተው የከብት ማሰሪያ ካስማና ገመድ አዋሱኝ፤ እግሮቹን እንደ ጊደር ጠፍሬ አቆምኋቸው። እርስዎ ከድንኳኑ ጥላ ውስጥ «መጣ»፣ «ኧረ ሄደ» እያሉ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ወዲህና ወዲያ እያዘነበልሁ፣ ግማሽ ቀን ከለፋን በኋላ ምስሉ ጠርቶ ታየ። ከዚያ ወዲያ ላሞቹ ዲሹን ለጎን ማከኪያ ስለወደዱት፣ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ፊቴን ወደ ላሞቹ፣ ጀርባዬን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጌ ቆሜያለሁ። ማን እንዳገባ የማውቀው ከእርስዎ ጩኸት ነበር። በዚህ አልከፋኝም፤ የጓደኛዬ ደስታ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ በመሰነባበቻው ዕለት በንግግርዎ መካከል ዲሹን «ከነባለሙያው» ለሰፈሩ ሕዝብ ማበርከትዎን ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። ጭብጨባው ደማቅ ነበር። እኔም ነገሩን በጨዋታ ወስጄ ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብሁ። ቀጥለው ትከሻዬን ይዘው፣ ለሁለት ቀን ቀርቼ የአቶ ሙዎችን ወንድሞች አተካከሉን እንዳስተምር፣ መኪናውም ሐሙስ መጥቶ እንደሚወስደኝ ነገሩኝ። ሐሙስ መጣ። ሌላም ሐሙስ መጣ። በሦስተኛው ሐሙስ ቤንዚን አልቆ ጄኔሬተሩ ቆመ፤ አተካከሉን ከእኔ በላይ ያወቁት ወንድማማቾችም ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። አቶ ሙዎች ከወተታቸው ሲያካፍሉኝ አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረም፤ የእኔ ፊት ግን ከእፍረት የተነሣ ጠቆረ። በመጨረሻ ደረቅ ዓሣ ከሚነግዱ ሰዎች ጋር ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዤ ጂካዎ ደረስሁ፤ ከዚያም በጭነት መኪና ጋምቤላ ገባሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አላሳብብም፤ ያጨበጨብሁት እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፦ በመሥሪያ ቤታችን የዕቃ አያያዝ ኮርቻለሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ ፍርዶስ አዝና የወጪ ዕቃ ቅጹን አሳየችኝ። በተራ ቁጥር አንድ ዲሽ ከነእግሩ፣ በሁለት ሪሲቨር፣ በሦስት ጄኔሬተር፣ በአራት ደግሞ «ባለሙያ፣ ብዛት 1፣ ይዞታው ደኅና» ተብሎ ተጽፏል። «የሚመለስ» የሚለው ተሰርዞ «የማይመለስ» የሚለው ተሰምሮበታል፤ ከሥሩ የሚያምር ፊርማዎ አለ። ቴሌቪዥኑ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ እሱ ከእርስዎ ጋር ወደ ጋምቤላ ተመልሷል፤ ወንድማማቾቹን አተካከሉን ያስተማርኋቸው በሪሲቨሩ መብራት ምልክት ብቻ ነበር። በሥራ መደቤ ላይም የእኅትዎ ልጅ ተመድቧል፤ ለተበረከተ ዕቃ ምትክ መፈለግ ተገቢ ነውና አልቃወምም። ፍርዶስን እኔን ወደ መዝገብ ለመመለስ ምን እንደሚያስፈልግ ብጠይቃት፣ ኃላፊው የሚፈርሙበት የገቢ ዕቃ ቅጽ መሆኑን ነገረችኝ። «ወንዴ፣ አንተን መቼም መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥህ፤ ራሱን ሰውየውን ጠይቀው» አለችኝ። በሰባ ሰባትም፣ ክቡር ሆይ፣ በዝርዝር ተቆጥረን ነው የመጣነው። ያን ጊዜ ግን ስንት ነፍስ ተሳፈረ እየተባለ ነበር የሚቆጠረው።

አራተኛ፦ ይህኛውን በአክብሮት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እኔ ማዶ ሆኜ ሐሙስ ስቆጥር፣ ባለቤቴ ኛኪየር ቢሮዎ መጥታ ባሏ የት እንደቀረ ጠየቀችዎ። መኪና ሳይልኩልኝ መቅረትዎን ሊነግሯት ይችሉ ነበር። ያ ከተነገረ ግን «በፈቃዱ የቀረ ባለሙያ» ብለው ለበላይ ያቀረቡት የጉዞ ሪፖርት ሊበላሽ ነው። ስለዚህ በሐዘን ፊት፣ ባሏ እዚያ ሌላ ሴት አግኝቶ በገዛ ፈቃዱ መቅረቱን ነግረው፣ እንድትረሳኝ መከሯት። ስመለስ በሩን ከፈተችልኝ፤ ልብሴ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ጥግ ተቀምጦ ነበር። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋት። በትዕግሥት ሰምታኝ «ሚዜ ይዋሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ከሰርጉ ዕለት ጀምሮ ወንድሜ ብላ የምትጠራህ አንተን ነው። ዘመድ የለውም እየተባልሁ ሳገባት ስለ እኔ ለአባቷ የማልህ አንተ ነህ። ያን ጊዜ ቃልህን አምና መጣችልኝ፤ አሁንም ቃልህን አምና ልትሄድብኝ ነው። ምን አደረግሁህ ኃይሌ? መኪናውም ይቅር፣ ሥራውም ይቅር፤ ሚስቴ ፊት ለምን ገደልኸኝ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ አወዳደቁ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ይቅርታ የጠየቅሁበት ስሕተት ይህ ነው። ወደ ጨዋ ቋንቋዬ ተመልሻለሁ።

ኛኪየር ምግቤን ታቀርባለች፤ አብራኝ ግን አትበላም። ከረጢቱንም እስካሁን አልፈታችውም። ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ከፋሲካ በኋላ ኢታንግ እናቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት መሆኗን እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሥራዬ የእኅትዎ ልጅ ይሥራበት፤ ቅጹም በክብር በፋይሉ ይኑር። እርስዎ ብቻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ለኛኪየር እንደዋሿት ይንገሯት። በደብዳቤ እንዳያደርጉት አደራ፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ ማኅተምም አያሳምናትም። የዋሿት በአፍዎ ስለሆነ፣ በአፍዎ ቢያርሙት ይበቃታል። ከቢሮዎ እስከ ቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ መኪና የማግኘቱን ችግር ስለማውቅ ነው በእግር ማለቴ።

ሪፖርትዎ እንዲጸድቅ፣ ሹመትዎ እንዲደረብ፣ በሚቀጥለው የውጭ አገር ጉዞዎም የሚያበረክቱት ወዳጅ እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ ካለበት አቅጣጫ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማይመለስ ተብሎ የተመለሰው፣
ተራ ቁጥር 4፣
ወንዳፈረው

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፣ ከቅጹ ጋር እንዲያያዝ
ለወይዘሮ ኛኪየር፣ በቃል እንዲነገራት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ትናንት አቶ ሙዎች ከድንበር ማዶ መጡ። ትዳሬ በሐሰት ወሬ መናጋቱን ከዓሣ ነጋዴዎቹ ሰምተው፣ በዚህ ዕድሜያቸው እስከ ጂካዎ በእግራቸው፣ ከዚያም በጭነት መኪና መጥተዋል። ከኛኪየር ፊት ተቀምጠው፣ በሰፈራቸው ብቻዬን እንደተኛሁና መንገድ መንገዱን ሳይ እንደከረምሁ በኑዌርኛ መሰከሩላት። አዳምጣ ስታበቃ እግራቸው የሚታጠብበት ውኃ አቀረበችላቸው። ከዚያም እኔ እንድሰማው በአማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ከሩቅ መጣ። ሚዜህ ለምን አይመጣም?» አለችኝ። ምናልባት ቤቱ ጠፍቶብዎት እንደሆነ አይጨነቁ፤ አቶ ሙዎች አይተውት የማያውቁትን ቤት ጠይቀው አግኝተውታል።